ስናስቀጥራቸው ሁላችንም ደስ ይለናል፣ በሦስተኛው ወር የት ይሄዳሉ?

አካል ጉዳት ስላለባቸው ተቀጣሪዎች የሚጠይቀውን ይህን ጥያቄ መድረኩ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ከአሁኑ ልናገር፣ በዚህ የውይይት ክር ውስጥ ገለልተኛ አይደለሁም። መልሶቹ 20 ሲያልፉ አዲስ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከላይ የተባለውን ሳያነብ ያንኑ መልሶ ይጠይቅ ጀመር። እናም ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ ልተርክላችሁ። የሰው ጽሑፍ እንዳለ አልገለብጥም፣ በራሴ አንደበት ነው።

መነሻ ጽሑፌ ይህ ነበር። አካል ጉዳት ያለባቸውን ወጣቶች ከቀጣሪ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ድርጅት አለኝ። ማህበራዊ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ዓይነት ነው። እርዳታ አንለምንም። ቀጣሪው ሠራተኛ ሲያገኝ የአገልግሎት ክፍያ ይከፍለናል፣ በዚያ እንተዳደራለን። ከወጣቶቹ ምንም አንቀበልም። ስንጀምር ከባዱ ነገር የቀጣሪን በር ማስከፈት ነበር። አሁን በሩ ይከፈታል። ግን ካስቀጠርናቸው ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ሦስተኛው ወር ሳይሞላ ይወጣሉ። ለምን ስትሏቸው አልተስማማንም ከማለት በቀር ምንም አይወጣቸውም።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። አላቆምኩም። ልጆቹ ጽናት ያንሳቸዋል፣ ቤተሰብ አቅፎ ስላሳደጋቸው እንደ ጤነኞቹ እኩዮቻቸው ጫና አይችሉም ብዬ ጻፍኩ። ማስረጃ ይሁነኝ ብዬም ፎቶ አያያዝኩ። አንድ ቀጣሪ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሠራተኛው ያሠራው አዲስ ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ የሚወጣበት ተዳፋት ነው፣ ሥራ አስኪያጁና እኔ ከፊቱ ቆመን ፈገግ ብለናል። ልጁን ፎቶው ውስጥ አላስገባሁትም፣ ክብሩን መጠበቄ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎለት በ7ኛው ሳምንት ጥሎ ሄደ ብዬ ዘጋሁት።

1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። እርስዎ እያለ አመሰገነኝ፣ እንደ እኔ ያለውን ያብዛልን አለ፣ ዕድሜና ጤና ተመኘልኝ። ጥያቄዬን ግን አልነካውም። እንዲህ ዓይነት መልስ ደስ ይላል፣ አይጠቅምም።

2ኛዋ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች። የወጡትን ልጆች ጠይቀዋቸዋል ወይ ነው ያለችው። እንዴታ ብዬ መለስኩላት። እንዴት እንደጠየቅኳቸው ግን አልነገርኳትም። በስልክ ነበር፣ በችኮላ፣ በእግራቸው የምተካውን ሰው እየፈለግሁ።

3ኛው በአንድ ኩባንያ የሰው ኃይል ኃላፊ እንደሆነ ተናገረና እውነቱን አፍረጠረጠው። በእሱ አባባል ቀጣሪ ወጪ ይፈራል፣ ከወጪ የበለጠ የሚያስፈራው ግን ሰውየው ሥራውን ባይችል እንዴት ነው የማሰናብተው የሚለው ነው። አካል ጉዳተኛ አባረረ መባልን ማን ይፈልጋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማያጠፋበትን ሥራ ይሰጠዋል። ፋይል ማስተካከል፣ በር ላይ ተቀምጦ እንግዳ መመዝገብ። ዲግሪ ይዞ የመጣ ልጅ ወር ሙሉ ፋይል ሲያስተካክል ይሰለቻል። ሲሰለች ይወጣል። ያኔ አለቃው አላልኳችሁም፣ አይችሉም እኮ ይላል። ሰውየው ራሱ እንዲህ አድርጎ እንደሚያውቅ አልደበቀም። በድርጅቱ ዓመታዊ ሪፖርት ሽፋን ላይ የአንዲት ሠራተኛ ፎቶ ወጥቶ ነበር አሉ። ሪፖርቱ ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ልጅቷ ከለቀቀች ቆይታለች።

4ኛውን መልስ ከሁሉም በላይ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው መስማት የተሳነው ነው። 3ኛው ያለው ልክ ነው፣ የእኔ ግን ሌላ ነው ብሎ ጀመረ። መጋዘን ውስጥ የዕቃ ቆጠራ ይሠራ ነበር፣ ሥራውንም ይወደው ነበር። ያስወጣው የምሳ ሰዓት ነው። ሰባት ሆነው አንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። አንዱ ያወራል፣ አምስቱ ይስቃሉ። እሱ አጠገቡ ያለውን ነካ አድርጎ ምንድነው ይለዋል በእጁ። ያ ሰው ምንም አይደለም፣ በኋላ እነግርሃለሁ የሚል ምልክት ያሳየዋል። በኋላ የተባለው ሰዓት ግን አንድም ቀን አልመጣም። ማንም ክፉ አልነበረም ይላል፣ ይህን ሁለት ጊዜ ነው የጻፈው።

አንድ ቀን ደግሞ መደርደሪያዎቹ መሃል ሆኖ ሲቆጥር ቆይቶ ቀና ሲል መጋዘኑ ባዶ ነው። ሰው የለም። የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኾ ሁሉም ወጥተዋል። እንደ ዕድል ሆኖ ልምምድ ነበር። ከደወሉ ጋር ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ቢገጠም ይበቃ ነበር። በማግስቱ ለአለቃው በወረቀት ጻፈለት፣ አለቃው በሚቀጥለው በጀት አለው። ከዚያ ወዲህ አሥር ዕቃ በቆጠረ ቁጥር ቀና እያለ ሰው መኖሩን ያይ ጀመር። ቁጥሩ ይጠፋበታል፣ እንደገና ይጀምራል። በግምገማው ላይ ፍጥነቱ ቀንሷል ተባለ።

5ኛዋ ስለ ሥራ አንድም ቃል አላነሳችም። ጤነኞቹ የሚለውን ቃሌን ነው የያዘችው። በዊልቸር የሚሄድ ሰው አልታመመም፣ ጉንፋን እንኳ ላይዘው ይችላል፣ ታዲያ ጤነኛው ማን ነው አለችኝ። ትክክል ነች። አካል ጉዳት የሌለባቸው ማለት ነበረብኝ። 6ኛው ግን ስለ ቃል ስንጨቃጨቅ ልጆቹ ሥራ አጥ ሆነው ቀሩ፣ ቃሉ ይቅርና ደሞዙ ይምጣ ብሎ ተበሳጨ። 7ኛው ለ6ኛው ሲመልስ ነገሩ ሞቅ አለ። በሽተኛ ብለህ የምታስበውን ሰው ከባድ ሥራ አትሰጠውም፣ 3ኛው የነገረን ፋይል የማስተካከል ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ቃል ነው አለው። አቆራኝቶ ማየቱን ወድጄለታለሁ።

8ኛው የሕግ ሰው ይመስላል። አጻጻፉ እንደ አቤቱታ ነው፣ ቁም ነገሩ ግን ጠንካራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ እንደዋለ አስታወሰ። አንቀጽ 27 ስለ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የማያየው ግን አንቀጽ 2 ነው አለ። እዚያ ላይ ተገቢውን ማመቻቸት መከልከል ራሱ አድልዎ እንደሆነ ተጽፏል። ማለትም የ4ኛው መብራት የአለቃ ቸርነት አይደለም። ወጪ የሚያስፈራችሁ ካላችሁም ስሙ ብሎ፣ በአሜሪካ ጆብ አኮሞዴሽን ኔትወርክ የተባለው አገልግሎት ለዓመታት ቀጣሪዎችን ሲጠይቅ፣ ከተደረጉት ማመቻቸቶች ግማሽ ያህሉ ምንም ገንዘብ እንዳልጠየቁ ጠቀሰ። የወንበር ቦታ መቀየር፣ የመግቢያ ሰዓት ማሸጋሸግ፣ ትእዛዝን በጽሑፍ መስጠት የመሳሰለው ነው።

9ኛው በዚሁ ቀጠለና ኮታ ይሻላል አለ። ጀርመን 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ 5 በመቶውን ከባድ አካል ጉዳት ላለባቸው እንዲመድብ ታስገድዳለች። በፈረንሳይ 6 በመቶ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2024 ለግል ኩባንያዎች 2.5 በመቶ አድርጋዋለች። ያላሟላ ይከፍላል። ችግሩንም ራሱ ነው ያነሳው። ከፍሎ የሚገላገል ቀጣሪ አለ። የሚቀጥርም ቢሆን ኮታ የሚቆጥረው ጭንቅላት ነው፣ ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ አይጠይቅም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ ይሉኝ ነበር። 10ኛው አንተ ብሎ ገባ። ቀጣሪው ለሠራተኛ ይከፍለናል ብለሃል፣ መቼ ነው የሚከፍልህ አለኝ። ውል በተፈረመ ቀን ከሆነ አንተ ደላላ ነህ፣ ማህበራዊ የሚለውን ቅጽል ከፊቱ ብትለጥፍም ደላላ ያው ደላላ ነው አለ። ቤት ያከራየ ደላላ ጣሪያው ሲያፈስ ስልክ አያነሳም፣ አንተም እንደዚያው ነህ ብሎ ጨመረበት።

11ኛው የእኔ መልስ ነው፣ ባላስታውሰው ይሻለኝ ነበር። ስንት ዓመት በእግሬ እንደዞርኩ፣ ስንት ቢሮ በር ላይ እንደቆምኩ ዘረዘርኩለት። ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም ግን አልመለስኩም። ውል በተፈረመ ቀን ነው። ደላላ የሚለው ቃል ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ።

12ኛው ሊያስታርቀን ይመስላል ስለ ዴንማርክ ማውራት ጀመረ። ቶርኪል ሶን የሚባል ሰው ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት ካወቀ በኋላ የቴሌኮም ሥራውን ትቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ስፔሻሊስተርነ የተባለ ኩባንያ መሠረተ። ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች ለሶፍትዌር ፍተሻና ለመሳሰለው ሥራ ያሰማራል። ደስ የሚለው አመራረጡ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ዓይን ዓይኑን እያየ ራሱን ማስተዋወቅ የሚከብደውን ሰው በወሬ አይፈትኑትም። የሌጎ ሮቦት ሰጥተው ሲገጣጥምና ሲያዝዘው ያዩታል። ሙምባይ ውስጥ ደግሞ ድሩቭ ላክራ እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ሚራክል ኩሪየርስ አለ፣ ፖስታና ጥቅል የሚያደርሱት መስማት የተሳናቸው ናቸው። ለማድረስ አድራሻ ማንበብ እንጂ ማውራት አያስፈልግም።

13ኛዋ ወዲያው አረመችው። ኦቲዝም ያለበት ሁሉ የኮምፒውተር ሊቅ ነው የሚል ወሬ እንዳይነዛ ለመነች። የእሷ ወንድም ቁጥር አይወድም፣ የሚወደው ተክል ማጠጣት ነው። ሰው ሁሉ ስለ ልዩ ችሎታው ሲጠይቃት ታፍራለች፣ ከዚያ በማፈሯ ትናደዳለች። መስማት የተሳነውን ሁሉ ፖስታ ማድረስ ላይ መመደብም ያው ነው አለች። አንድ ሰው ሒሳብ ሠራተኛ መሆን ቢፈልግስ?

14ኛዋ እናት ናቸው። ሁሉም አንቱ ብሎ ነው የመለሰላቸው። ቤተሰብ አቅፎ አሳደጋቸው ያልኩት ከንክኗቸዋል። ልጃቸው የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት። ብቻዋን ትራንስፖርት እንድትይዝ የለቀቋት ቀን ሳትታይ ከኋላ ተከትለዋታል። ልጅቱ በትክክል ወረደች፣ በትክክል ተሻገረች። እሳቸው ናቸው መንገዱ ላይ ቆመው ያለቀሱት። ልጄን ያቀፍኳት ዓለም ስላላቀፋት ነው፣ እርስዎ ቢሆኑ ይለቋት ነበር ወይ አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይቅርታዬን ስለመቀበላቸው ግን የጻፉት ነገር የለም።

15ኛው ማየት የተሳነው ፕሮግራመር ነው፣ ቀልደኛ። ሰው ሁሉ ስለ ሦስተኛው ወር ያወራል፣ እኔ ግን ማመልከቻው ላይ ነው የቀረሁት አለ። የአንድ ድርጅት የቅጥር ገጽ ላይ ስክሪን ሪደሩ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም፣ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ። ገጹን የሠራው ሰው ለቁልፎቹ ስም አልሰጣቸውም። የትኛው ላክ፣ የትኛው ሰርዝ እንደሆነ አይታወቅም። በግምት አንዱን ተጫነ፣ የአንድ ሰዓት ድካሙ ጠፋ። የሚገርመው የተወዳደረበት የሥራ መደብ ድረ ገጽ ማልማት ነበር።

ከዚህ በኋላ ክሩ አቅጣጫውን ሳተ። 16ኛው የትኛው ስክሪን ሪደር ይሻላል ብሎ ጠየቀ። 17ኛው ኤንቪዲኤ ነጻ ነው፣ ማይክል ከራን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ነው፣ ከዚያ በፊት ድሃ ምን ይሠራ ነበር አለ። 18ኛው ጆውስ የተባለውን ሌላ ስክሪን ሪደር የሚያህል የለም ብሎ ተሟገተ። ተመልሶ የመጣው 15ኛው ንባቡን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያዳምጥ ሲነግራቸው እኛ የምናየው ሰዎች አንድ ቃል እንደማንይዝ ገባን። ጉራውን ይችልበታል።

19ኛዋ መልሳ ወደ መንገዱ አስገባችን። የሥራ አሠልጣኝ ነች፣ ማለትም ከተቀጠረው ወጣት ጋር ሥራ ቦታው ድረስ አብራ የምትገባ ሰው። ድሮ መጀመሪያ አሠልጥን፣ ከዚያ አስቀጥር ነበር የሚባለው አለች። ወጣቱ ሰርተፊኬት በሰርተፊኬት ላይ ሲደራርብ ዕድሜው ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንዳንዶች ነገሩን ገለበጡት። ይቀጠር፣ ሥልጠናው እዚያው ሥራው ላይ ይሁን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የተደገፈ ሥራ በሚል ሕጋቸው ውስጥ ገባ። እሷም የምታደርገው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ቀኑን ሙሉ፣ ከዚያ ግማሽ ቀን፣ እያለ እያለ በወር አንዴ።

የሰጠችው ምሳሌ አንድ ወጣት ነው። በደንብ እየሠራ በ4ኛው ሳምንት ድንገት እንቢ አለ። እጁን አጣምሮ ቆመ። ሁሉም ሰነፈ አሉ። እሷ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠችና አንድ ጠዋት ሙሉ ዝም ብላ አየች። የፈረቃው አለቃ ተቀይሯል። የድሮው አለቃ አንድ ነገር ያዝዛል፣ ሲያልቅ ሌላውን ይነግረዋል። አዲሱ እየሄደ አራቱንም ባንዴ ይናገርና ይጠፋል። አራቱ ነገሮች በሥዕል ካርድ ላይ ተሠርተው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ልጁ ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመረ።

እናም ወደ እኔ ዞረች። 10ኛው አነጋገሩ ይመርራል፣ ጥያቄው ግን ልክ ነው አለች። ክፍያዎ የሚያልቀው በፊርማው ቀን ከሆነ ሥራዎም በዚያው ቀን ያልቃል፣ ለ4ኛው ሳምንት ማን ከፍሎ ማን ይሄዳል? ክፍያውን ከፋፍለው ግማሹን በ6ኛው ወር ለምን አይቀበሉም አለችኝ። ከክሩ ሁሉ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይህን ነው። ከባድ ነው፣ እስከዚያ የቢሮ ኪራዩን የምከፍለው ከየት ነው? ግን ጻፍኩት።

20ኛው ስለ ደሞዝ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣችው የሥራ ሕግ ለአካል ጉዳተኞች ከዝቅተኛው ደሞዝ በታች መክፈል በፈቃድ ይቻላል ተብሎ እንደነበርና ነገሩ ለአሥርት ዓመታት እንዳከራከረ ጻፈ። ሥራ አገኘ ብላችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት ስንት እንደተከፈለው ጠይቁ አለ። አጨብጫቢ ያለው እኔን ይሁን 1ኛውን አልገባኝም።

21ኛው አዲስ አባል ነው። በዚያ ቀን ነው የተመዘገበው። ፎቶው ላይ ያለውን ራምፕ አውቀዋለሁ፣ ለእኔ ነው የተሠራው አለ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። ራምፑ ጥሩ እንደሆነ መሰከረ፣ አለቃውም ጥሩ ሰው እንደሆነ። ቢሮው ውስጥ ያለው መጸዳጃ ቤት በር ግን ጠባብ ነው። ዊልቸሩ አይገባም። የመጀመሪያው ቀን አወቀው። በአዲስ ሥራ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ራምፕ ላሠሩለት ሰዎች ስለ ሽንት ቤት ማውራት አሳፈረው። ስለዚህ ከማታ ጀምሮ ውሃ መጠጣት ተወ። ጠዋት ከንፈሩን ብቻ አርሶ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ጽሑፉ ይደበዝዝበታል። ስድስት ሳምንት እንዲህ ሠራ። በ7ኛው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያዘውና ተኛ፣ አልተመለሰም። ጽናት ያንሳቸዋል ያልከው ለዚህ ከሆነ ስድስት ሳምንት ውሃ ሳትጠጣ ሞክረው አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የደወልኩለት አንድ ቀን ብቻ እንደሆነም ጻፈ፣ በሁለተኛው ቀን። ራምፑን ፎቶ ላነሳ ስለምመጣ አለቃው መኖሩን እንዲያረጋግጥልኝ ነበር።

ሁለት ቀን አልጻፍኩም። ፎቶውን ከክሩ ላይ አወረድኩት፣ ከዚያ መደበቅ እንዳይሆን ብዬ መለስኩት፣ ከሥሩ ግን የ21ኛውን ቁጥር ጻፍኩበት።

22ኛው ሊከላከልልኝ ሞከረ። ሳይነገረው በምን ያውቃል ነው ያለው። 2ኛዋ ከስንት ጊዜ በኋላ ብቅ ብላ፣ በመጠየቅ ነዋ አለችና ጠፋች። ይህ 23ኛው ነው።

24ኛው የሕንፃ ባለሙያ ነኝ አለና ክሩ እንደገና ሌላ ነገር ሆነ። የዊልቸር በር ሲለካ የሳንቃው ስፋት ሳይሆን በሩ ተከፍቶ የሚቀረው ክፍተት ነው የሚለካው፣ እሱም ከ80 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም አለ። ማጠፊያው ብቻ ቢቀየር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይገኛል። 25ኛው ደግሞ በሩ ወደ ውጭ ነው መከፈት ያለበት፣ ወደ ውስጥ ከሆነ ዊልቸሩ ገብቶ በሩ አይዘጋም ብሎ ተከራከረ። ሁለቱ ስለ በር አከፋፈት ገና እየተጨቃጨቁ ነው።

እኔ ለ21ኛው በግል ጻፍኩለት። ቀጣሪው ቦታውን ለሌላ ሰው እንዳልሰጠ፣ እሱ ባይፈልግ እንኳ ነገ ሄጄ በሩን እንደምለካ ነገርኩት። እመለሳለሁም፣ አልመለስምም አላለም። የወንበሩ ስፋት 66 ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ብቻ ላከልኝ፣ ክርኑ ግራና ቀኝ ቦታ ስለሚፈልግ ያንንም ጨምሬ እንድለካ።